ሐይቁን አታጥናብን

ሚስት ለመምረጥ ሽማግሌ አለ። በሬ ለመምረጥ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን የሚያይ ዐዋቂ አለ። የዶክትሬት ጥናት ርዕስ ለመምረጥ ግን ያለው አማካሪ የሚባል ሰው ብቻ ነው። አማካሪ ማለት ደግሞ፣ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ፣ የሚመርጥላችሁ ሳይሆን የመረጣችሁትን የሚጥልባችሁ ሰው ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ገባሁበት። ልትገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የእኔን ስሙና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉ።

የተወለድኩት ሐይቅ ከተማ ነው፣ ውሃው ከሚታይበት ሰፈር። የማስተምረው ማርኬቲንግ ሲሆን ለዶክትሬት የገባሁበት ደግሞ የሸማቾች ባህሪ የሚባል ዘርፍ ነው። ሰው ይህን ትቶ ያንን የሚገዛው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት ነው። ለእናቴ ይህንኑ በሰፊው አስረዳኋት። በጥሞና ሰምታ ስታበቃ «ታዲያ ይሄ የየትኛው በሽታ ነው?» አለችኝ። ዶክተር ሊሆን የገባ ልጇ ሰው የሚያክም መስሏታል። የምንም በሽታ አይደለም ብላት ቅር እንደሚላት ስለገባኝ «የኪስ» አልኳት። ረካች። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ የኪስ ዶክተር መሆኔን ሰምቶ ነበር።

እንዲህ ሆነና ገና የመጀመሪያውን ኮርስ ሳልጨርስ «ዶክተር» ተባልኩ። በእኛ አገር ማዕረግ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ጎረቤት ነው። እናቴ በአባቴ ወገን የማርያምን ዝክር ደገሰች፣ በራሷ ወገን ደግሞ ሸኽ ይመርን ጠርታ ዱአ አስደረገች። ወሎ ውስጥ አንድ ነገር የምር ከተፈለገ በሁለቱም በር ነው የሚንኳኳው። እኔም በሁለቱም በር ተመርቄ ስለገባሁ መውጫ አልነበረኝም። የፕሮግራሙ ደንብ ግን ስለ ምርቃቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ደንቡ የሚለው፣ ርዕሱን በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ያላጸደቀ ተማሪ ይሰናበታል ነው። ዶክተር ከተባለ በኋላ የተሰናበተ ሰው ሐይቅ ውስጥ ምን የሚል ቅጽል ስም እንደሚወጣለት ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። የእኛ ሰው ሲመርቅ እንደሚያውቅበት ሁሉ ስም ሲያወጣም ያውቅበታል።

የመጀመሪያውን ርዕስ የመረጥኩት ለውጥ የተባለው ነገር በመጣ ሰሞን ነው። ያኔ የሁላችንም ልብ ሰፍቶ ነበር። ታክሲ ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳን ደስ አለህ ይባባሉ ነበር። እኔም በዚያ ስሜት ስለ ኢንተርኔት ግብይት ላጠና ተነሳሁ። ርዕሱ «ማኅበራዊ ሚዲያ በሸማቾች የኢንተርኔት ግዢ ፍላጎት ላይ ያለው ተፅዕኖ፤ የእምነት አገናኝ ሚና፤ በሐይቅ ከተማ ነዋሪዎች ማሳያነት» ይላል። በእኛ ሙያ ርዕሱ ከረዘመ ሐሳቡ ማጠሩን ማንም አይጠረጥርም።

አማካሪዬ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ፣ ሲናገሩም ስኳር የማያበዙ ሰው ናቸው። የትኛውም ርዕስ ሲቀርብላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና «ክፍተቱ የታለ?» ይላሉ። ክፍተት የሚሉት ከእኔ በፊት የነበሩ ሳያጠኑት ያለፉትን ነገር ነው። በኢንተርኔት ዕቃ የሚገዛ የሐይቅ ሰው ማን አጥንቶ ያውቃል? ማንም። ክፍተቱ ይሄ ነው አልኩ። ማንም ያላጠናው የሚጠና ሰው ስለሌለ እንደሆነ የገባኝ ከተማውን ከዞርኩ በኋላ ነው። ያገኘሁት ገዢ አንድ ብቻ ነበር፤ የጎረቤታችን የእታለም ዘይነባ ልጅ ሰዒድ፣ ባጃጅ ነጂው። ሰዒድ በቴሌግራም ጫማ አዝዞ ሁለቱም የግራ እግር መጥተውለታል። አልተናደድክም ወይ ስለው፣ «ምን ያናድዳል ዶክተር፣ በሌላ ጊዜ ተሳስተው ሁለት ቀኝ ቢልኩልኝ ሁለት ጫማ ሆነልኝ አደል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሸማች በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ኮሚቴው ፊት ልቀርብ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ኔትወርኩ ጠፋ። ይመጣል ብለን ጠበቅን፣ አልመጣም። አማካሪዬ ኢንተርኔት በሌለበት የኢንተርኔት ግዢ ማጥናት ላም አለኝ በሰማይ ነው አሉና ርዕሱ ወደቀ።

እሺ ብዬ ከሰማይ ወደ ተራራ ወረድኩ። ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚመጣውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ። ከአውቶቡስ ወርዶ ያንን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ምዕመን ምን ይገዛል፣ ምን ይተዋል? ለቅድመ ጥናት ሄጄ ከዳገቱ ግርጌ ዱላ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ለሚወጣው ዱላ ይሸጥለታል። የሚወርደው ደግሞ ዱላ ይዞ አውቶቡስ ላይ መጋፋት ስለማይፈልግ እዚያው ይጥልለታል፤ እሱም አንስቶ፣ አፈሩን ጠርጎ፣ ለቀጣዩ ይሸጠዋል። አንዱ ዱላ በአንድ ንግሥ ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደሚወርድ ስጠይቀው «ከእኔ ይልቅ እሱ ተሳልሟል» አለኝ። ዶክተር መሆኔን ሲሰማ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየኝ። የኪስ ነኝ ስለው ኪሱንም ገልብጦ አሳየኝ። ለንግሡ እመጣለሁ ብዬው ተለያየን።

ንግሡ ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፣ የውጫሌ ገበያ ተበተነ፣ ዱላ ሻጩም ከነዱላዎቹ የት እንደገባ ዛሬም አላውቅም። አማካሪዬ ስልክ በሠራበት አንድ ቀን ደውለው ስለ ርዕሱ ጠየቁኝና ሸማቹም ሻጩም መንገዱም የለም አልኳቸው። «ናሙናው ከሌለማ አይሆንም» አሉ።

ጦርነቱ ውጫሌ ላይ አልቆመም፣ እኛም ዘንድ መጣ። በዚያ ጊዜ መቀለድ ይከብዳል፣ የሞቱብን ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ የምቀልደው በራሴ ብቻ ነው። እናቴን ይዤ በእግር ወጣን። ሰው ልጁን አዝሎ፣ በጎቹን እየነዳ ሲሄድ እኔ የተሸከምኩት ስለ ሸማቾች ታማኝነት የተጻፉ የታተሙ ጽሑፎችን ነበር። እናቴ ዞር እያለች ቦርሳውን ታየዋለች። አንድ ወንዝ ዳር አርፈን እሳት ለማያያዝ ጭራሮው ሁሉ እርጥብ ሲሆን ግን ከጽሑፎቹ አንዱን አውጥቼ ሰጠኋት። ሽሮው ፈላ። ከዚያ ወዲህ ያ ጽሑፍ ጥቅም የለውም ከሚል ሰው ጋር እጣላለሁ።

የተጠለልንበት ትምህርት ቤት አንዲት ወጣት መጠይቅ ይዛ መጣች። የተሰጠን ብስኩት ምን ያህል እንዳረካን ነው የምትጠይቀው። ከ«በጣም አልረካሁም» ተነስቶ «በጣም ረክቻለሁ» ድረስ የሚወጣውን ያንን መሰላል ተማሪዎቼን ለዓመታት ሳስተምረው ኖሬአለሁ። መላሹ እውነቱን እንዲናገር ምን መደረግ አለበት እያልኩ በፈተና ጠይቄበታለሁ፣ ሰውም ጥዬበታለሁ። ብስኩቱ ጥርስ ይሰብራል። «በጣም ረክቻለሁ» አልኩ። ነገ ባያመጡስ? እናቴም በጣም ረካች፣ አጠገባችን ያሉትም ሁሉ በጣም ረኩ። ያ ጥናት የሆነ ቦታ ታትሞ አንብባችሁት ከሆነ አትመኑት።

ስንመለስ የቤታችን በር ተገንጥሏል። የገባው ሰው ድስቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ የእናቴን ሬዲዮ ሳይቀር ወስዶ የማርኬቲንግ መጽሐፎቼን እንደተደረደሩ ትቷቸዋል። አንዱን ብቻ አውጥቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ከድስቱ ይልቅ ይሄ ከፋኝ። ዩኒቨርሲቲውም መስኮቶቹ ረግፈው፣ ወንበሮቹ ተሰባብረው ነበር። ደንቡ ግን ጭረት እንኳ አላገኘውም። ለጦርነቱ ሲባል ጊዜው ትንሽ ተራዝሞልኛል፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ርዕስ ካላጸደቅኩ ግን መሰናበቴ ነው።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ዓይኔ እታለም ዘይነባ ቤት ላይ አረፈ። እታለም ዘይነባ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ፣ ከእናቴ ጋር እሳት ስትጫጫር የኖረች ጎረቤታችን ናት። የሰዒድ እናት መሆኗን ነግሬአችኋለሁ። ሐያት የምትባል ሴት ልጅም አለቻት፣ ዐረብ አገር ሠርታ የምትልክላት። በተላከላት ብር እታለም ዘይነባ ከእሷ ቁመት የሚበልጥ ማቀዝቀዣ ገዝታለች። መብራት ብዙ ጊዜ ስለማይኖር በርበሬዋን ነው የምታስቀምጥበት፣ አይጥ አይገባበትም። ለምን ገዛሽው ብላት፣ ልጇ ዐረብ አገር ሆና ማቀዝቀዣ የሌላትን እናት ሰው ምን ይላታል ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ። ልቤ ዘለለ። ቤት ለቤት ዞርኩ። ከነላስቲኩ የተቀመጠ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ሶፋ አየሁ። ግድግዳውን ሞልቶ መስኮት የጋረደ ቡፌ አየሁ። ርዕስ ይሉሃል ይህ ነው ብዬ ረቂቁን አስገባሁ።

ወሩ ሳያልቅ ሐያት ከብዙ ጓደኞቿ ጋር ተባርራ በአንድ ፌስታል መጣች። ያጠናሁት ሰፈር ሁሉ የሚላክለት ቆመበት። እታለም ዘይነባ ልጇን አቅፋ አልቅሳ፣ እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ በአጥሩ በኩል አየችኝና «ዶክተር፣ አጠናኸን አደል?» አለችኝ። ቀልዷን ነው።

ቀልድ ሐይቅ ውስጥ ከባጃጅ ይፈጥናል። ገበያው በሳምንቱ ነገሩን ደምሮ ጨረሰው። ኔትወርኩን አጠና፣ ጠፋ። ግሸንን አጠና፣ መንገዱ ተዘጋ። ዐረብ አገርን አጠና፣ ልጆቹ ተባረሩ። በእኛ ገበያ ደግሞ የጠዋት የመጀመሪያ ገዢ ገዱ ይታያል። ገደኛ ሰው ከጀመረው ሻጩ ቀኑን ሙሉ ሲሸጥ ይውላል፤ ገደ ቢስ ከጀመረው ዕቃው ሲያሸልብ ይመሻል። እኔ በጠዋት ገበያ ብቅ ስል ሴቶቹ ዕቃቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። አንዷ ቲማቲም ሻጭ ሳልጠይቃት ፌስታል ሞልታ ሰጠችኝና «በነፃ ነው፣ ብቻ ወዲያ በኩል ሂድልኝ የኔ ጌታ» አለችኝ። አልዋሽም፣ በሳምንቱም እዚያው ሄድኩ።

እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የሸማች ባህሪ ከየት ይመጣል? ሮጬ ለአማካሪዬ ገድን ላጥና አልኳቸው። ገድን የሚለካ የተረጋገጠ መለኪያ አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኩ። መለኪያ ከሌለው ነገሩም የለም አሉኝና ሻያቸውን ጠጡ። እኔ ግን የሌለው ነገር ገበያ እያስወጣኝ ነበር።

ሰኔ ገባ። ምንም በማይጠፋ ነገር ላይ ርዕስ ልምረጥ ብዬ ዙሪያዬን ሳይ ሐይቁን አየሁት። ኔትወርክ አይደል አይቆረጥም፣ መንገድ አይደል አይዘጋም። ዓሣውን ክርስቲያኑም እስላሙም ይበላዋል፣ የማን ቢላ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሐይቅን ዓሣ የሚገዛውን ሰው አጠናለሁ አልኩና መጠይቄን ይዤ ዳርቻው ወረድኩ። መጠይቅ ወሎ ውስጥ ማስሞላት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የእኛ ሰው እንግዳ ፊት አልስማማም አይልም፣ ነውር ነው። የዓሣው ዋጋ ተመጣጣኝ ነው ብዬ ሳነብለት በጣም እስማማለሁ ያለኝ ሰውዬ፣ ቀጥዬ የዓሣው ዋጋ ከልክ በላይ ውድ ነው ስለውም በጣም ተስማማ። ሁለቱ እኮ አይሄዱም ስለው «እንግዲህ ለጥናትህ የሚሻልህን አንተው ምረጥ» አለኝ።

ከዳርቻው ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ከተማ ገብቷል። ሐይቁን ሊያጠና ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎች መጡብን። ከፊት ሸኽ ይመር፣ አጠገባቸው የሰፈራችን ቄስ፣ ከኋላ ዓሣ አስጋሪዎች ነበሩ። በራችን ላይ ቆሙ፣ ግቡ ሲባሉ ገቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ግን ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። እናቴ ፊቷ ዐመድ መሰለ። በእኛ ወግ ሽማግሌ የሚቆመው ልጅ ለመጠየቅ ወይም ደም ለማድረቅ ነው። እሷ ደግሞ ለጋብቻ የምትጠየቅ ሴት ልጅ የላትም። ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ «ማንን ገደልህ?» አለችኝ።

ሸኽ ይመር ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ስለ አባቴ ደግነት፣ ስለ እናቴ እጅ፣ እኔን በሕፃንነቴ ጉንፋን ይዞኝ እንዴት እንደጸለዩልኝ ተናግረው ተናግረው ሲያበቁ ወደ ነገሩ መጡ።

«ልጄ፣ ሐይቁን አታጥናብን» አሉኝ። «አላህ የሰጠን እሱ ብቻ ነው የቀረን።»

ሐይቁን አይደለም የማጠናው አልኳቸው፤ ዓሣውንም አይደለም፣ ዓሣ በላውን ነው። ይህን ስል የሚቀላቸው መስሎኝ ነበር። ሸኽ ይመር አጠገባቸው ያሉትን ቄስ አዩ፣ ቄሱ ዓሣ አስጋሪዎቹን አዩ።

«ዓሣ በላው እኮ እኛ ነን» አሉኝ።

አንድ ዶክትሬት ተማሪ ስለ አጋጣሚና ስለ ምክንያት ልዩነት ማስረዳት ነበረበት። አስረዳሁም። ኔትወርኩን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ጦርነቱን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም አልኩ። ሁሉም በጣም ተስማሙ፣ አንዳቸውም አልተቀመጡም። በዚህ ጊዜ ሆዴ ባባና እውነቱን ተናገርኩ። ሰኔ ሲያልቅ ርዕስ ከሌለኝ እሰናበታለሁ፣ እናንተ መርቃችሁ ያስገባችሁኝ ሰው ባዶ እጄን እመለሳለሁ፣ ከሐይቁ ሌላ የማጠናው የቀረኝ ነገር የለም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። ሐይቁም እንዲጠፋ አይፈልጉም፣ እኔም እንድጠፋ አይፈልጉም። የመረቁት ልጅ ሲወድቅ ምርቃታቸውም አብሮ ይታማል።

እታለም ዘይነባ እናቴን ልታግዝ መጥታ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሰዒድ ባጃጁን አቁሞ ከዘመተ ወራት ሆኖታል፣ ወሬውም ጠፍቷል። እሷም ገበያ መውጣት ትታ ስልክ ስልክ ስትል ነው የምትውለው። ሽማግሌ ፊት ሴት እንደማትናገር ታውቃለች፤ ተናገረች።

«የሚያጠናው ሁሉ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጦርነቱን ያጥናልን» አለች።

እኔ እየሳቅሁ ዙሪያዬን አየሁ፣ የሚስቅ ሰው የለም። ሸኽ ይመር ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ያን ጊዜ ቁጭ አሉ። ቄሱም ተቀመጡ። የእኔ ዘርፍ የሸማቾች ባህሪ ነው፣ ጦርነት እኮ ሌላ ክፍል ነው የሚጠናው ብዬ ልከራከር ሞከርኩ።

«ጦርነት አይሸምትም ያለህ ማነው?» አሉኝ ሸኽ ይመር። «ከየቤታችን ያሻውን ሲያነሳ ዋጋ እንኳ ጠይቆ አያውቅም።» ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ፣ ቄሱም እናቴም። ርዕሴ እዚያው ተመረቀ፣ እኔም አሚን አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል።

በዚህ የማምን ሰው አይደለሁም። ግን ሰኔ ለማንም አይቆምም። «ጦርነት በሸማቾች የግዢ ባህሪ ላይ ያለው ተፅዕኖ፤ የተስፋ አገናኝ ሚና» ብዬ ጻፍኩና ለአማካሪዬ ወሰድኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ክፍተቱ የታለ?» ሲሉኝ መስታወቱ በረገፈው መስኮት ወደ ውጭ አሳየኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው ተመለከቱ። ኮሚቴውም አጸደቀው። ገበያው ይህን በሰማ ጊዜ ቲማቲም ሻጯ እንኳ ነጠላዋን ገለጠችልኝ።

ጦርነቱ ወዲያው አልሄደም፤ ክረምቱ ማለቂያ ላይ ጭራሽ ብሶበት ነበር። እታለም ዘይነባ በየቀኑ በአጥሩ በኩል እያጠናህ ነው ወይ ትለኛለች፣ እኔም እያጠናሁ ነው እላለሁ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ስምምነት ተፈረመ ተባለ። ስንሰማ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ተያየ፣ ማልቀስም መሳቅም የሆነ ድምፅ ነበር። ሰዒድ በሳምንታት ውስጥ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በእግሩ እየሄደ መጣ። እናቱ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ለእኔ ዓሣ አስጋሪዎቹ ዓሣ ላኩልኝ፣ መንገድ ላይ የማላውቃቸው እናቶች ትከሻዬን ሳሙኝ። እኔ አይደለሁም እያልኩ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ ግን እኔ አይደለሁም ማለቱን ተውኩት። ደስ ይላል፣ ምን ላድርግ።

በዚያ ደስታ ውስጥ አማካሪዬ አስጠሩኝ። ጦርነቱ ስላበቃ ርዕሱ ወቅታዊነት የለውም፣ ኮሚቴው ጊዜውን አራዝሞልኝ ሌላ እንድመርጥ ወስኗል አሉኝ። በአገሩ ሰላም ሲመጣ የከሰረ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አልተከራከርኩም። የጥርስ ሳሙና ማሸጊያ ቀለም በገዢዎች ምርጫ ላይ ስላለው ተፅዕኖ መረጥኩ። ሐይቅ ውስጥ ማንም ሽማግሌ አልላከብኝም፤ የጥርስ ሳሙና ቢጠፋ መፋቂያ አለ።

ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ክረምት ላይ፣ ተኩስ እንደገና ተሰማ። ከየት መጣ፣ ማን ከማን ነው የሚለውን እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ የማውቀው መንገዱ ሲዘጋ፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ፣ ገበያው ሲሳሳ ማየቴን ነው። እታለም ዘይነባ ይሄኛው ይወስድብኛል፣ ያኛው ይወስድብኛል ብላ ሰዒድን ቤት ዘግታበት ተቀመጠች። ባጃጁ ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል።

የጥርስ ሳሙናውን ይዤ ኮሚቴ ፊት ልቀርብ እየተዘጋጀሁ ነው። ደንቡ ሌላ ማራዘሚያ የለውም። ይሄ ካለፈ ዶክተርነቴ ይቀጥላል፣ ከወደቀ ስንብት ነው። እታለም ዘይነባ በጠራራ ፀሐይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ያ የተመረቀው ርዕስ የት ደረሰ ብላ ጠየቀችኝ። ተውኩት አልኳት።

«ሳትጨርሰው ለምን ተውኸው?»

ለምን ብዬ ላስረዳት? ወቅታዊነት፣ ኮሚቴ፣ ደንብ ብዬ ጀመርኩ። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«የኮሚቴው ሰዎች ልጅ የላቸውም?» አለችኝ።

አላቸው። አማካሪዬ እንኳ ሰዒድን የሚያክል ልጅ አላቸው። ከአጠገቧ ተነሳሁ። ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩና ያ ርዕስ ይመለስልኝ አልኳቸው። አማካሪዬ ያበድኩ መሰላቸው። የጥርስ ሳሙናው እኮ አልቆልሃል አሉኝ። ዐውቃለሁ አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያም መመለስ ይቻላል፣ ነገር ግን መረጃ መሰብሰብህ መቼ እንደሚያበቃ ጽፈህ ታመጣለህ፣ ጦርነቱ የሚያልቅበት ካልተጻፈ ኮሚቴው ይጥለዋል፣ እሱ ከወደቀ አንተም ወደቅህ አሉኝ።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ተመለስኩ። እታለም ዘይነባ በራችን ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። እሺ አሉ፣ ብቻ መቼ እንደሚያልቅ ጻፍ ብለውኛል አልኳት። ዞር ብላ ልጇ ወደ ተዘጋበት ቤት አየች።

«እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «በቅርብ በል» አለችኝ። «በቅርብ ብለህ ጻፈው።»

የጥርስ ሳሙናውን ወረቀት አጥፌ ወደ ጎን አደረግኩና እንዳለችኝ ጻፍኩት።